የአያት የእናታችሁን ታሪክ ለማስቀረጽ ቀብድ ከመላካችሁ በፊት

ሰሞኑን ቲክቶክና ፌስቡክ ላይ «የወላጆችዎን የሕይወት ታሪክ በፊልምና በፎቶ እናስቀርልዎ» የሚሉ ማስታወቂያዎች በዝተዋል። ፋሲካ ሲደርስ፣ ከውጭ ሰው ሲገባ ደግሞ ይብስባቸዋል። ሐሳቡ የሚነቀፍ አይደለም። የጠላትን ጊዜ የሚያስታውሱ ሰዎች ዛሬ ወይ ዘጠናን ተሻግረዋል ወይ ሊሻገሩ ነው። ቶሎ መቅዳት ግድ ነው። ይህን ጥድፊያችንን አውቀው ገበያ ያደረጉት ግን አሉ፤ የምጽፈው ስለ እነሱ ነው።

አያታችን ጎጃም ተወልዳ አዲስ አበባ ያረጀች ሴት ናት። ዋሽንግተን ያለችው የአክስቴ ልጅ ማስታወቂያውን አይታ ደወለች። ዋጋው በዶላር ተነገራት፣ ግማሹን ቀብድ ላከች። በኋላ እኔ ከአገር ውስጥ ቁጥር ደውዬ ያንኑ ጥቅል ስጠይቅ በብር ተነገረኝ። ቢመነዘር የእሷን ግማሽ አይሞላም። ውጭ ያላችሁ፣ እባካችሁ እዚህ ባለ ዘመድ በኩል ዋጋ ሳታስጠይቁ አትክፈሉ።

የቀረጻው ዕለት ሁለት ልጆች ካሜራና መብራት ይዘው መጡ። ትሑት ናቸው፣ አይካድም። ጠያቂው ግን ጥያቄዎቹን ከስልኩ ነበር የሚያነበው። «እማማ፣ የስኬትዎ ምስጢር ምንድን ነው?» አላት። አያቴ ወደ እኔ ዞረች፦ «ምን እያለኝ ነው?» ደግነቱ እሷ ጨዋታ ታውቃለች። ጥያቄውን ትታ በልጅነቷ ከተዳረችበት ቤት ጠፍታ፣ በእግሯ ደብረ ማርቆስ የገባችበትን ታሪክ ጀመረች። እኔ ራሴ ሰምቼው አላውቅም ነበር። ወንዙ ጋ ስትደርስ ልጁ አቋረጣት። «በጣም ደስ ይላል እማማ፤ አሁን ደግሞ ለወጣቱ የሚያስተላልፉትን መልእክት ይንገሩን።» ከዚያ በኋላ ስለ ወንዙ ሊያስወራት የቻለ የለም።

ፊልሙ ሲመጣ አጭር ክሊፕ ነው። ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ማሲንቆ ተጭኖበታል። ድምፁን የቀዱት በካሜራው በራሱ ማይክ ስለነበር፣ ከማሲንቆው ሥር የእሷ ድምፅ ከሩቅ እንደሚጠራ ሰው ነው የሚሰማው። ዝም ብላ ያሰበችበት ቦታ ሁሉ ተቆርጧል። አሜሪካ ላሉት የልጅ ልጆች የተሠራው የእንግሊዝኛ ጽሑፍ ላይ ደግሞ «በ66 ዓ.ም. አብዮቱ ሲፈነዳ» ያለችው 1966 ተብሎ ተቀምጧል። በፈረንጆቹ 1974 መሆኑ ነው። የልጅ ልጆቹ ንጉሡ ከሥልጣን የወረዱት ስምንት ዓመት ቀድሞ መስሏቸዋል። የአገሩን የዘመን አቆጣጠር የማያስተካክል የታሪክ ቀራጭ ምን ይባላል?

የፎቶው ግን ከሁሉም ይብሳል። አያቴ አንገቷ ላይ እንደ ዘመኑ ሴቶች ንቅሳት አላት። የተነቀሰችው ልጅ ሆና ነው፤ ማን እንደነቀሳት፣ እንዴት እንዳመማት ስታወራ ትስቃለች። በፍሬም ተሰቅሎ የመጣው ፎቶ ላይ ንቅሳቱ የለም። የፊቷን ሽብሽብ በኮምፒውተር ሲያለሰልሱ ጠርገውታል። ቆዳዋ እንደ ሳሙና ማስታወቂያ ያበራል። ፎቶውን አሳየናት። «ቆንጆ ናት፣ ማን ናት?» አለች። ቀልዷን ይሁን እውነቷን ማናችንም አልጠየቅናትም።

ይሁን፣ ክሊፑም ፎቶውም እንደገና ይሠራል ብለን ያልተቆረጠውን ቅጂ ጠየቅን። እዚህ ላይ ነው ዋናው ወጥመድ። መጀመሪያ «ሮው ፋይል በጥቅሉ ውስጥ የለም፣ ተጨማሪ ይከፈላል» አሉ። ለመክፈል ስንስማማ «የካሜራው ካርድ ፎርማት ተደርጓል» ሆነ መልሱ፤ ተደምስሷል ማለታቸው ነው። ባለሙያ የሆነ ወዳጄ እንደነገረኝ ጉዳዩ የማስቀመጫ ቦታ ነው። ፎርኬ (4K) በሚባለው ጥሩ ጥራት የተቀረጸ አንድ ሰዓት ከ40 ጊጋባይት በላይ ሊይዝ ይችላል፤ ስለዚህ ብዙዎቹ ክሊፑን ካስረከቡ በኋላ ዋናውን ደምስሰው ካርዱን ለሚቀጥለው ሠርግ ያውሉታል። እናንተ ግን ከፍላችሁ የምትፈልጉት እሱን ነው። ክሊፕ ማንም ቆራጭ በፈለገ ጊዜ ይሠራዋል። አያት ስለ ወንዙ የተናገረችው ግን አንዴ ነው።

ስለዚህ ከክፍያ በፊት በጽሑፍ አስፈርሙ። ያልተቆረጠው ቪዲዮና ድምፅ በሙሉ፣ ካሜራው እንዳወጣው፣ በእናንተ ሃርድ ዲስክ ላይ ይረከብ። የመጨረሻው ክፍያ ፋይሉን ከፍታችሁ ካያችሁ በኋላ ይሁን። ሃርድ ዲስኩን ራሳችሁ ግዙ። በዲቪዲ እንሰጣለን ካሏችሁ አንድ ተራ ዲቪዲ የሚይዘው 4.7 ጊጋባይት መሆኑን አስታውሷቸው። ፎቶም ሲሆን ያልተነካካውን ዋና ፋይል ጠይቁ። በቴሌግራም እንደ ፎቶ የሚላክላችሁ ተጨምቆ ነው፤ 30 በ40 ሴንቲ ሜትር አሳትሞ ለመስቀል ብዙ ጊዜ አይበቃም። ደረሰኝም እንዳትረሱ፤ ያለ ደረሰኝ ንግድ ቢሮ ሄዶ መክሰስ አበሳ ነው።

አንድ ነገር ደግሞ አለ። ሳንፈቅድ የአያቴን ቪዲዮ ቁራጭ ለማስታወቂያ ለጥፈውት አገኘነው። ያውም ስለ መጀመሪያ ባሏ የተናገረችውን። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ አንቀጽ 27 የሰው ፎቶ ወይም ምስል ያለ ባለቤቱ ፈቃድ ለሕዝብ እንዳይታይ፣ እንዳይባዛ፣ እንዳይሸጥ ይከለክላል። አንቀጹን ጠቅሰን ስንጽፍላቸው በማግስቱ አወረዱት። የገረመኝ ይህ ብቻ ነው፤ ሌላ ለምንም ጥያቄያችን እንዲህ አልፈጠኑም። ውላችሁ ላይ «ለማስታወቂያ መጠቀም እንችላለን» የምትል ዓረፍተ ነገር በደቃቅ ፊደል ካለች ሰርዟት። አብዛኛውን ጊዜ ከክፍያው አንቀጽ ሥር ነው የምትሸጎጠው።

በመሃል እኛ በራሳችን ጀምረናል። ስልክ፣ ደረት ላይ የሚሰካ ርካሽ ማይክ፣ መስኮት አጠገብ ወንበር፣ በቃ። ስልኩ በረራ ሁነታ ላይ ይሁን፣ ፍሪጁንም ንቀሉት፤ ጩኸቱ ቀረጻ ላይ ሲሰማ ነው የሚታወቀው። ቡና እየተፈላ ከሆነ ጨዋታው ራሱ ይመጣል። ዓመት አትጠይቁ። «ይሄ ከጣሊያን መውጣት በፊት ነው በኋላ?» ብትሉ ይሻላል። ዝም ሲሉም ዝም በሉ።

ከእነዚህ ሰዎች ጋር በቅርብ ያስቀረጻችሁ ካላችሁ ግን ነገ አትበሉ። አሁኑኑ ደውላችሁ ካርዱ ተደምስሶ እንደሆነ ጠይቁ። ካልተደመሰሰ ሃርድ ዲስክ ይዛችሁ በአካል ሂዱ።