በአክሲዮን ገበያ የሚሸጠው የቢትኮይን ፈንድ ለማን ይበጃል?

የአሜሪካ የካፒታል ገበያ ተቆጣጣሪ እ.ኤ.አ. በጃንዋሪ 2024 ቢትኮይን የተባለውን ዲጂታል ገንዘብ ራሱን ገዝተው የሚይዙ ፈንዶች (የብዙ ባለሀብቶች ገንዘብ በአንድ ላይ የሚሰበሰብባቸው ተቋማት) በአክሲዮን ገበያ እንዲሸጡ ከፈቀደ ወዲህ፣ ብላክሮክ የተባለው የአሜሪካ ግዙፍ የሀብት አስተዳዳሪ ኩባንያ ያቀረበው አይሼርስ ቢትኮይን ትረስት ከአቻዎቹ ሁሉ ትልቁ ሆኗል። ገዢው ቢትኮይንን ለማንቀሳቀስ የሚያስፈልገውን የምስጢር ቁልፍ (የይለፍ ኮድ) የመጠበቅ ጭንቀት ሳይኖርበት እንደማንኛውም አክሲዮን ይገዛዋል፤ 0.25 በመቶ የሆነው ዓመታዊ ክፍያውም 1.5 በመቶ ከሚያስከፍለው ግሬይስኬል ከተባለው ሌላ ኩባንያ ነባር የቢትኮይን ፈንድ እጅግ ያነሰ ነው።

ዋናው ጉድለቱ የመገበያያ ሰዓቱ ነው። ቢትኮይን ሌት ተቀን ሲሸጥ ሲለወጥ፣ ፈንዱ ግን ቅዳሜና እሁድ አይገበያይም። የጃፓን ማዕከላዊ ባንክ በጁላይ 2024 መጨረሻ የወለድ ምጣኔውን ወደ 0.25 በመቶ ከፍ ሲያደርግ፣ የጃፓንን ገንዘብ የን በርካሽ ተበድረው ገንዘቡን በሌሎች ገበያዎች ያፈሰሱ ባለሀብቶች ብድራቸውን ለመክፈል ንብረታቸውን ለመሸጥ ተጣደፉ፤ ደካማ የአሜሪካ የሥራ ቅጥር መረጃ ሲታከልበትም ቢትኮይን በሳምንቱ መጨረሻ ሲያሽቆለቁል ሰንብቶ ሰኞ ኦገስት 5 ከ50,000 ዶላር በታች ወረደ። በዚያ ቅዳሜና እሁድ የፈንዱ ባለድርሻ የሚሸጥበት በር ዝግ ነበር።

ከማዕከላዊ ባንኮች ውሳኔ መሸሸጊያ ይሆነኛል ብሎ የሚገዛውም ሰው ይጠንቀቅ። የአሜሪካ ማዕከላዊ ባንክ የሆነው ፌዴራል ሪዘርቭ በ2022 ወለድ ደጋግሞ በጨመረበት ዓመት፣ በኖቬምበር 2021 ወደ 69,000 ዶላር ደርሶ የነበረው ቢትኮይን ከ16,000 በታች ወርዷል፤ ፈንዱም ይህንኑ ዋጋ ከመከተል በቀር የሚሰጠው መከላከያ የለም። ስለዚህ ፈንዱን የምመክረው ገንዘቡን ለዓመታት ሳይነካ ማቆየት ለሚችል ሰው ብቻ ነው።