ለእግር ደም ሥር አጥባቂ ካልሲ፦ ከመግዛትዎ በፊት

ደም መላሽ ሥሮች ሲደክሙ ለሚመጣው የምሽት እብጠት ከጉልበት በታች የሚለበሰው አጥባቂ ካልሲ ጥሩ ዕቃ ነው፤ ችግሩ አሻሻጡ ነው። ባሕር ዳርም ይሁን ደብረ ማርቆስ፣ በጫማ ቁጥር ብቻ ከሰጡዎ አይውሰዱ። ልኩ የሚወሰደው ጠዋት፣ እግር ሳያብጥ በሜትር ነው፦ የቁርጭምጭሚት ቀጭኑ ቦታ፣ የባት ወፍራሙ፣ ከተረከዝ እስከ ጉልበት ሥር ቁመቱ። ማሸጊያው ላይ 15–20 ሚሊሜትር ሜርኩሪ (የካልሲው ግፊት መለኪያ) የሚለው ለቀላል እብጠት ይበቃል፤ 20–30 የሆነውን ሐኪም ይዘዝ። ግፊቱ ያልተጻፈበት ተራ ካልሲ ነው።

ከአልጋ ሳይወርዱ፣ እስከ ተረከዙ ገልብጠው ያስገቡና ቀስ እያሉ ወደ ላይ ይሳቡ። ረዘመ ብሎ ጫፉን ማጠፍ ትልቁ ስሕተት ነው፤ እጥፋቱ እንደ ገመድ አንቆ ደሙን ከታች ያግዳል። ማታ ይውለቅ። ለብ ባለ ውሃ በእጅ ታጥቦ ጥላ ላይ ይሰጣ፤ የጣና ዳር ፀሐይ ላስቲኩን ይጨርሰዋል። በየቀኑ ከተለበሰ 6 ወር ገደማ ላይ ይላላል።

ቆሞ ለሚውል መምህር ወይም እንጀራ ጋጋሪ ዋጋው አያስቆጭም። እግሩ የሚቀዘቅዝ ወይም የደነዘዘ የስኳር ሕመምተኛ ግን ሳይመረመር አይልበስ። አንድ እግር ብቻ በድንገት አብጦ ካመመ የረጋ ደም ሊሆን ይችላልና ወደ ፋርማሲ ሳይሆን ወደ ሆስፒታል ይሂዱ።