ኪኒን ይሻላል ወይስ መርፌ?

ሐዋሳ ውስጥ ነርስ ነኝ። በየፈረቃዬ የምሰማው ልመና አንድ ነው፤ «ልጄ፣ መርፌ ውጊኝ። ኪኒን እኔን አይነካኝም።» ባለፈው አንዲት እናት ከባጃጅ ወርደው ገና ሳይቀመጡ ይህንኑ አሉኝ።

መርፌ ይፈጥናል፣ አልክድም። በደም ሥር የተሰጠ መድኃኒት ወዲያው ሙሉው ደም ውስጥ ነው። ጡንቻ ላይ የተወጋው ግን ትንሽ ይቆያል። የኪኒን መንገድ ረዘም ይላል። ይሟሟል፣ በብዛት ትንሹ አንጀት ላይ ይመጠጣል፣ ከዚያ ጉበት የተወሰነውን ይቀንሳል። ሁሉም ላይ ግን አይደለም። ሜትሮኒዳዞል የሚባለው ፀረ-ባክቴሪያ መድኃኒት ተውጦም ከሞላ ጎደል ሙሉው ደም ይገባል። መዋጥ የሚችል ሰው ታዲያ ለምን ይወጋ?

እኚያ እናት ሲፕሮፍሎክሳሲን የሚባል ፀረ-ባክቴሪያ ኪኒን ታዞላቸው ነበር። «በምንድነው የሚውጡት እማማ?» አልኳቸው።

«ጨጓራዬን እንዳይልጠኝ በወተት ነዋ!»

በቃ፣ ነገሩ ተገኘ። የወተቱ ካልሲየም መድኃኒቱን ይይዘዋል፤ ከፊሉ ሳይመጠጥ ይወጣል። ኪኒኑ ምን አጠፋ?

መርፌ ደግሞ አንዴ ከገባ አይመለስም። ቂጥ ላይ ቦታው ከተሳተ የእግር ነርቭ ሊጎዳ ይችላል። ስለዚህ ስም፣ መድኃኒት፣ መጠን፣ መንገድና ሰዓት ሳላመሳክር አልወጋም። አለርጂም እጠይቃለሁ። ለኪኒንም ያው ነው፤ መርፌ ላይ ግን እጄ ይበልጥ ይከብዳል።

ለሚያስመልሰው ወይም ራሱን ለሳተ ሰው መርፌ ነው፣ ክርክር የለውም። ሴፍትሪያክሶን የሚባለው ፀረ-ባክቴሪያ መድኃኒትም በአፍ አይሰጥም። እማማን ግን በውኃ እንዲውጡ ነግሬ፣ ሳልወጋ ሸኘኋቸው። ትንሽ አኩርፈው ነበር።