የብሪያር ውሻችንን ፀጉር ለታደጉልን የሰኞ ገበያ ባለሙያ የቀረበ ምስጋና

በደሴ ከተማ ሰኞ ገበያ አካባቢ የበግ ፀጉር እየሸለቱና እያባዘቱ ለባና ሠሪዎች የሚያቀርቡ አንድ አባት አሉ። ስማቸው እንዲጻፍ ስላልፈቀዱ አልጽፈውም፤ ይሁን እንጂ በሰፈሩ «የባና ፀጉር የሚያባዝቱት ጋሼ የት ናቸው?» ብሎ የጠየቀ ሰው ያገኛቸዋል። ለውሻችን ለዳማ የዋሉትን ውለታ በአደባባይ ሳላመሰግን መቅረት አልፈልግም።

ዳማ ብሪያር የሚባለው የፈረንሳይ የእረኛ ውሻ ነው። ዝርያው ስሙ ከፓሪስ በስተምሥራቅ ካለው የብሪ ምድር ጋር የሚያያዝ ሲሆን፣ በግ ሲነዳና ከተኩላ ሲጠብቅ ኖሮ በአንደኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ደግሞ በፈረንሳይ ጦር ውስጥ መልእክት በማድረስና በጦር ሜዳ የወደቁ ቁስለኞችን በመፈለግ አገልግሏል። የወንዱ ቁመት እስከ ትከሻው ከ62 እስከ 68 ሴንቲ ሜትር ነው። ዓይኑን ሳይቀር የሚሸፍነው ረጅም ፀጉሩ እስከ ቆዳው ድረስ ዘወትር ካልተበጠረ፣ የረገፈው ከቆመው ጋር ተቆላልፎ ይድቦለቦላል። ኮምቦልቻ ይኖር የነበረ አንድ ፈረንሳዊ ቤተሰብ ወደ አገሩ ሲመለስ ዳማን ሲሰጠን አደራ ያለን ይህንኑ ነበር።

ባለፈው ክረምት ግን ዝናቡ፣ ጭቃውና ከጦሳ ተራራ ሥር ሲመላለስ የሚጣበቅበት ጭጎጎት ተደማምረው ከእኛ ማበጠሪያ አቅም በላይ ሆኑ። ከጆሮው ኋላና ከብብቱ ሥር ያለው ፀጉር ጠጥሮ ስንነካው ይጮህ ጀመር፤ የኋላ እግሩንም ያነክስ ነበር። እርዳታ የጠየቅንበት አንድ ቦታ መፍትሔው እስከ ቆዳው መላጨት ብቻ እንደሆነ ነገረን። ከደሴ ብርድም ከቀትር ፀሐይም የሚጠብቀውን ፀጉር ማጣቱ አልዋጠልን ስላለ፣ አንዲት ጎረቤታችን ወደ ጋሼ መራችን።

ጋሼ መጀመሪያ አጠገቡ ተቀምጠው እጃቸውን አስሸተቱት። ከዚያም ጥቂት ፀጉር በሁለት ጣቶቻቸው አሽተው «ይህ እኮ የበግ አይደለም፤ ደረቅ ነው፣ ወደ ፍየሉ ያደላል። አብሽሪ ልጄ፣ ይፈታል» አሉኝ። የብሪያር ዝርያ ምን መምሰል እንዳለበት የሚገልጸውን መለኪያ የጻፉት ፈረንሳውያንም ፀጉሩን የሚገልጹት ደረቅና የፍየል ፀጉር የሚመስል ብለው ስለሆነ፣ ዝርያውን ከዚያ በፊት አይተው የማያውቁ ሰው በጣታቸው ብቻ እዚያው መድረሳቸው እጅግ አስደነቀኝ። ውሃ እንዳናስነካውም አስጠነቀቁን፤ የተቆላለፈ ፀጉር ከረጠበ ይበልጥ እንደሚጠብቅ ከበጉ ሥራ ያውቁታል። በግራ እጃቸው ሥሩን ከቆዳው አጠገብ ጨብጠው ጉተቱ እንዳይሰማው እያደረጉ፣ ድብልቡሉን በመቀስ ጫፍ በፀጉሩ አቅጣጫ በቁመቱ ሰንጥቀው፣ ከጫፉ ወደ ሥሩ በጣታቸው እያባዘቱ ፈቱት። ማበጠሪያውን ያነሱት ከዚያ በኋላ ነው። ዳማም መሐል ላይ ጭንቅላቱን ጉልበታቸው ላይ ጥሎ ተኛ።

የኋላ እግሩን ሲያበጥሩ ደግሞ የማነከሱን ምክንያት አገኙት። ብሪያር በተፈጥሮው በሁለቱም የኋላ እግሮቹ ከውስጥ በኩል ሁለት ሁለት ትርፍ ጣቶች አሉት፤ መሬት ስለማይነኩ ጥፍራቸው አያልቅም፣ ካልተቆረጠም ይጠመዘዛል። አንዱ ቆዳውን መውጋት ጀምሮ ነበር። መቀሱ በእጃቸው እያለ «ይህስ የሐኪም ነው» ብለው ወደ እንስሳት ሐኪም ላኩን፤ በማግስቱ ጥፍሩ ተቆርጦ ቁስሉ ታከመ። ከጥበባቸው እኩል ያከበርኩላቸው ይህንን ጥንቃቄ ነው።

ፀጉረ ረጅም ውሻ ያላችሁ የደሴ፣ የኩታበርና የኮምቦልቻ ነዋሪዎች ከመላጨታችሁ በፊት እርሳቸውን እንድታማክሩ ከልቤ እመክራለሁ። የእብድ ውሻ በሽታ ክትባት መሰጠቱን ሳያረጋግጡ ስለማይነኩ የክትባት ወረቀቱን ያዙ። ሰኞ ገበያው ስለሚበዛባቸው በሌላ ቀን ጠዋት ብትሄዱ ይሻላል። የሚጠይቁት ዋጋ ከድካማቸው በጣም ያነሰ በመሆኑ ጨምራችሁ ብትከፍሉ ደስ ይለኛል።

ጋሼ፣ ዕድሜና ጤና ይስጥልን።