ርካሹ የፍሪሲዮን ካቮ ክረምቱን ተሻገረ

አራት ጣት ሙሉ ይጠይቅ የነበረው የሞተር ሳይክሌ የፍሪሲዮን እጀታ (ማርሽ ሲቀየር ሞተሩን ከጎማው የሚያላቅቀው) ዛሬ በሁለት ጣት ይሳባል። ለውጡን ያመጣው ነጋዴው «ለዕለት መገላገያ ካልሆነ ይህ ለአንተ አይሆንም» እያለ ከመደርደሪያው ጥግ ያወጣልኝ ካቮ፣ ማለትም እጀታውን ከፍሪሲዮኑ ጋር የሚያገናኘው ባለ ሽፋን የሽቦ ገመድ ነው። የገዛሁት ባለፈው ዓመት ክረምት መግቢያ ላይ ነበር። ክረምቱ አለፈ፣ በጋው ገፋ፣ አሁን የበልጉ ዝናብ ጀምሯል፤ ካቮው አሁንም ሥራውን እየሠራ ነው። እስከ ዛሬ ዝም ያልኩት ሆን ብዬ ነው። አዲስ ካቮ በመጀመሪያው ሳምንት የማይለሰልስበት ምክንያት የለም፤ ሊፈረድበት የሚገባው ጭቃና አቧራ ከጠገበ በኋላ ነው።

የምኖረው ሐዋሳ ነው። ሥራዬ ከቡና ገበሬዎች ጋር ስለሆነ ከአስፋልቱ ይልቅ የጠጠርና የጭቃ መንገድ ይበዛብኛል። ሞተር ሳይክሌ 150 ሲሲ፣ የህንድ ሥሪት ናት፤ ትነሳለች፣ ትሄዳለች፣ ነዳጅ አታባክንም። ችግሩ የጀመረው የመሪዋን ኩሽኔታ ለማስቀየር አንድ ጋራዥ ካስገባኋት በኋላ ነው። ስትወጣ መሪዋ ለስልሶ ፍሪሲዮኗ ግን ከብዶ ነበር። «አርጅቷል፣ ካቮ ቀይር» ተባልኩ። ኦሪጅናል የተባለውን፣ በታሸገ ከረጢት የመጣውን፣ ዋጋው የማይቀመሰውን ገዛሁ፤ እዚያው ጋራዥ ገጠሙት። ለጥቂት ጊዜ ደህና ነበር። ከዚያ እንደገና ከበደ፤ በመጨረሻም ወደ ሀገረ ሰላም በሚወስደው ዳገት ላይ፣ ጉሙ መንገዱን በሸፈነበት ሰዓት፣ እጄ ላይ ተበጠሰ። ያለ ፍሪሲዮን ማርሽ መቀየር ይቻላል፤ ጋዙን ቀነስ አድርጎ በዚያችው ቅጽበት እግርን መጫን ነው። ከቆሙ በኋላ እንደገና መነሳት ግን መከራ ነው፤ ከብት በሚያቋርጠው መንገድ ላይ ደግሞ መቆም አይቀርም።

ቤት ገብቼ የተበጠሰውን ካቮ ስፈታው ነገሩ ግልጽ ሆነ። ገመዱ የተበጠሰው እጀታው ውስጥ ከምትገባው ድፍን ጭንቅላት ሥር ነው። ይህች ጭንቅላት እጀታው በተሳበ ቁጥር በቀዳዳዋ ውስጥ ትንሽ መዞር አለባት። የእኔዋ ግን በደረቀ ግራሶና በአቧራ ተጣብቃ ስለነበር መዞሩ ቀርቶ ገመዱ ራሱ በአንዲት ነጥብ ላይ ይታጠፍ ነበር። ቀጫጭኖቹ ሽቦዎች አንድ በአንድ ተበጥሰው እንደ ጃርት እሾህ ቆመዋል። ወደ ታች ስወርድ ደግሞ የባሰውን አገኘሁ። የመሪው አንገት አጠገብ ጥቁሩ ሽፋን ተጨፍልቆ፣ ውስጡ ያለው ጥምዝምዝ ብረት ተከፍቶ፣ ቦታው ከብረት ጋር ሲፋተግ ኖሮ አብረቅርቋል። ካቮው ሊያልፍበት ይገባ የነበረው የሽቦ መያዣ ቀለበት ባዶውን ቀርቷል። ጋራዡ መሪውን ሲፈታ ካቮውን ከቀለበቱ አውጥቶ፣ ሲመልሰው በአንገቱና በነዳጅ ታንከሩ መካከል በአቋራጭ አሳልፎታል። መሪው ወደ ግራ በዞረ ቁጥር ካቮው ይነከሳል። ኦሪጅናሉንም ሲገጥሙ ያንኑ መንገድ ደገሙት።

እዚህ ላይ ነው ከነጋዴው ጋር ሙግቴ የሚጀምረው። አሁን ፊቴ ቆሞ ቢሆን የሚለኝን አውቀዋለሁ፤ «ወንድሜ፣ ኦሪጅናል ኦሪጅናል ነው፣ ሌላው ሁሉ ሦስት ወር አይቆይም»። እኔም እመልስለታለሁ፦ ወንድሜ፣ ኦሪጅናሉን ከአንተ ዘንድ ገዝቼው ነበር፣ ዳገት ላይ ጥሎኛል። «እንግዲያው የገጠመው ሰው ነው» ይለኛል። እኔስ ምን እያልኩ ነው? የገጠመው ሰው ከሆነ ኦሪጅናሉን በሦስት እጥፍ ዋጋ የምትሸጥልኝ ለምንድን ነው? ስለ ዕቃው ስም አንድ ሰዓት ሲያስረዳኝ፣ ካቮው በየት በኩል ማለፍ እንዳለበት አንዲት ቃል አልነገረኝም። ደንበኛው ገንዘቡን የሚያጣው እዚህ ላይ ነው፤ ይህ በእውነት ያንገበግበኛል።

ነገሩ የሒሳብም ጉዳይ ነው። በሽፋን ውስጥ የሚሳብ ገመድ በየማጠፊያው ሰበቃ ይገጥመዋል፤ ሰበቃው የሚደመረው ደግሞ በመታጠፊያው ጠቅላላ ዲግሪ ልክ ነው። የሰበቃው መጠን 0.2 ቢሆን፣ በድምሩ 180 ዲግሪ የታጠፈ ካቮ እጅ ላይ ካልታጠፈው ከ1.8 እጥፍ በላይ ጉልበት ይጠይቃል፤ 90 ዲግሪ ብቻ ሲታጠፍ ወደ 1.4 ይወርዳል። ስለዚህ ያው ካቮ፣ በዚያው ሞተር ሳይክል ላይ፣ መንገዱ ስለተለወጠ ብቻ ሊከብድ ወይም ሊቀል ይችላል። አየርላንዳዊው ኧርነስት ቦውደን በ1896 እ.ኤ.አ. የባለቤትነት መብት ካወጣበት ጊዜ ጀምሮ የዚህ ዕቃ መሠረታዊ አሠራር አልተለወጠም። ከዚያ ወዲህ የመጣው ትልቁ መሻሻል በገመዱና በሽፋኑ መካከል የሚገባው የቴፍሎን (የሚያንሸራትት ፕላስቲክ) ቱቦ ነው፤ እኔ የገዛሁት ርካሽ ካቮ ደግሞ ይህ ቱቦ አለው። ጫፉን ወደ ብርሃን አዙሬ ነጩን ቱቦ ካየሁ በኋላ ነው ገንዘቤን የከፈልኩት። ነጋዴው ግን ይህን አላየውም፤ ከረጢቱን ብቻ ነበር የሚያየው።

ገጠማውን በግቢዬ ውስጥ ራሴ ሠራሁት። የሚያስፈልገው ጥቂት ነው፦ 10 እና 12 ቁጥር ቁልፍ፣ ፒንሳ፣ ካቻቢቴ፣ ትንሽ ግራሶና ረዘም ያለ ሲባጎ። የካቮው መንገድ ትክክል ከሆነ ሲባጎውን ከአሮጌው ጫፍ ጋር አስሮ መሳብ ይበቃል፤ ሲባጎው መንገዱን ይዞ ይቆያል፣ አዲሱም በዚያው ይከተላል። የእኔ መንገድ የተሳሳተ ስለነበር ይህ አልሠራልኝም፤ ታንከሩን አውርጄ በማንዋሉ ላይ ያለውን ሥዕል ተከትዬ እንደ አዲስ ዘረጋሁት። ከእጀታው ተነስቶ ከፊት መብራቱ ኋላ በቀለበቱ ውስጥ ያልፋል፣ የመሪውን አንገት በሰፊ ቅስት ይዞራል፣ ከታንከሩ ሥር ዋናውን የሻሲ ቱቦ ተከትሎ ይሄዳል፣ ከዚያ ከጭስ ማውጫውና ከሲሊንደሩ ክንፎች ርቆ በስተቀኝ ወዳለው የፍሪሲዮን ክንድ ይወርዳል። ሙቀት ቴፍሎኑንም ሽፋኑንም ስለሚያበላሽ ይህ የመጨረሻው ክፍል በችኮላ የሚሠራ አይደለም። የፕላስቲክ ማሰሪያ ሲጠቀሙም ማጥበቅ አያስፈልግም፤ ካቮው በማሰሪያው ውስጥ ትንሽ መንሸራተት አለበት።

የጭንቅላቷን ቀዳዳ በነዳጅ አጥቤ፣ አድርቄ፣ በጣቴ ጫፍ ግራሶ ቀባሁት። የበፊቱን ካቮ የገደለው የዚህች ቀዳዳ መድረቅ ስለሆነ አሁን ሞተር ሳይክሏን ባጠብኩ ቁጥር እዚያ እመለሳለሁ። ገመዱን ራሱን ግን ግራሶ አልቀባውም። ቴፍሎን ባለው ካቮ ውስጥ ግራሶ ከገባ አቧራ ይሰበስባል፣ አቧራውም ከግራሶው ጋር ተለውሶ ቱቦውን ይበላዋል።

ከዚያ ማስተካከያው ይመጣል። ብዙዎቹ የጃፓን ማንዋሎች በእጀታው ጫፍ ላይ ከ10 እስከ 20 ሚሊ ሜትር የሚደርስ ልል ቦታ፣ ማለትም ገመዱ ሳይወጠር እጀታው በነፃ የሚሄድበት ርቀት፣ እንዲኖር ይመክራሉ። ከዚያ ካነሰ ፍሪሲዮኑ ሙሉ በሙሉ አይዝም፣ ሸራው እየተንሸራተተ ይቃጠላል፤ ከበዛ ደግሞ አይላቀቅም፣ ማርሹ ይንቋቋል፣ ባዶ ማርሽ ማግኘትም ያስቸግራል። መጀመሪያ ሞተሩ ጋ ባለው ዳዶ አስተካክሎ፣ የእጀታውን ማስተካከያ ለኋላ ማቆየት ጥሩ ነው፤ ገመዱ በጊዜ ብዛት ሲረዝም መንገድ ላይ ያለ ቁልፍ በጣት የሚስተካከለው ይህኛው ነው። በመጨረሻ መሪውን እስከ ጥግ ወደ ግራ፣ እስከ ጥግ ወደ ቀኝ አዙሬ ልል ቦታውን ለካሁ። በሁለቱም ጥግ እኩል ሆነ። ጋራዡ ይህን ፍተሻ አንድ ጊዜ አድርጎት ቢሆን ኖሮ ያ ሁሉ ባልመጣ ነበር።

ካቮው እንከን የለውም አልልም። እጀታው አጠገብ ያለው የጎማ ቆብ ስስ ነው፤ ፀሐይ ላይ ውሎ በጋ ላይ ተሰነጠቀ፣ ከአሮጌው ካቮ አውጥቼ ተካሁት። የማስተካከያው ዳዶም ለስላሳ ብረት ስለሆነ በኃይል ሲጠብቅ ጥርሱ ይበላል። ይህን ለሚገዛው ሰው አስቀድሜ እናገራለሁ፤ ነገር ግን በዚህ ምክንያት ካቮውን የሚያጣጥል ሰው ቢመጣ አልሰማውም። ከተማ ውስጥ ባጃጅ ሲቆም መቆም፣ ሲነሳ መነሳት ነው፤ ቀኑን ሙሉ እጅ ከፍሪሲዮኑ አይለይም። ከሥራ ስመለስ ግራ እጄ ዝሎ ውኃ የያዘ ብርጭቆ ማንሳት የሚቸግረኝ ጊዜ ነበር። ዛሬ ያ የለም፤ ለእኔ ከዚህ የሚበልጥ ማስረጃ የለም።

ሁለተኛም ገዝቻለሁ። ሁለቱን ጫፎቹን በፕላስቲክ ጠቅልዬ ውኃ እንዳይገባው አድርጌ፣ ከሚሠራው ካቮ ጎን በዚያው መንገድ ዘርግቼ አስሬዋለሁ። ዳገት ላይ ቢበጠስ ታንከር ማውረድ አያስፈልገኝም፤ ሁለቱን ጫፎቹን ከእጀታውና ከፍሪሲዮኑ ክንድ ጋር አገናኝቼ ጉዞዬን እቀጥላለሁ።