የአራት ኪሎው የማታ ኮርስ፦ ከአምስት ሦስት

ለዲፕሎማት ቅጥር ፈተና እናዘጋጃለን ብለው በቴሌግራም ከሚያስተዋውቁት ማሠልጠኛዎች አንዱ ጋ ሁለት ወር ተማርኩ። ካዛንቺስ ሲፈርስ ወደ አራት ኪሎ የመጣ ነው። አራተኛ ፎቅ፣ ሊፍቱ አይሠራም። 6,000 ብር፤ ሰኞ፣ ረቡዕና ዓርብ ከምሽቱ 12 ሰዓት ተኩል ጀምሮ። ቀን ባንክ ስለምውል ሰዓቱ ተመችቶኛል።

ገንዘቡ የሚያስቆጨኝ አይደለም፣ በአንዱ አስተማሪያችን በጋሼ ምክንያት። ጡረታ የወጡ ዲፕሎማት ናቸው። ጽሑፍ አያስገለብጡም፤ ክፍሉን ለሁለት ከፍለው ግማሹን ጅቡቲ፣ ግማሹን ኢትዮጵያ አድርገው የወደብ ክፍያ ያደራድሩናል። የመጀመሪያውን ኖት ቨርባሌን (ኤምባሲና ውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር የሚጻጻፉበትን ዓይነት ይፋዊ ደብዳቤ) በቀይ እስክሪብቶ አድምተው ነው የመለሱልኝ። አንድ ማታ የእንግሊዝ ሴት ዲፕሎማቶች ሲያገቡ ሥራ የሚለቁበት ደንብ እስከ 1973 እ.ኤ.አ. እንደቆየ ነገሩን። ወንዶቹ ሳቁ። እሳቸው ወደኔ ዞረው፣ «ሳህለወርቅ ዘውዴ አምባሳደር ሆነው ሴኔጋል ሄደዋል። አንቺስ ዳካር ብትመደቢ ባልሽ ይከተልሻል?» አሉኝ። አላገባሁም ጋሼ፣ ብዬ አመለጥኩ።

የቃለ መጠይቅ ልምምዱ ግን ሌላ ነው። የልምምዱ አስተማሪ ሁላችንንም አንድ ዓይነት ሰው ሊያደርገን ይፈልጋል፦ አንድ ዓይነት ሱፍ፣ አንድ ዓይነት አማርኛ። ከጅግጅጋ የመጣች ልጅ ነበረች፤ ሶማሊኛ አፍ የፈታችበት፣ ዓረብኛም አቀላጥፋ የምትናገር። እሷን በክፍሉ ፊት «መጀመሪያ አነጋገርሽን አስተካክዪ» አላት። በዚያው ሳምንት የጅቡቲን ሰው እየሆንን ስንጫወት፣ ያለ አስተርጓሚ ከጅቡቲ ሰው ጋር መነጋገር የምትችለው እሷ ብቻ ነበረች! ከዚያ ቀን ወዲህ የኋላ ወንበር ያዘች፤ እጇንም አላወጣችም።

ዓይነ ስውር የክፍል ጓደኛችንም ነበር። ያን ደረጃ በየማታው ይወጣል። ጽሑፎቹን በሶፍት ኮፒ ሲጠይቅ በስልክ የተነሣ ፎቶ ላኩለት። ስልኩ ደግሞ ፎቶ አያነብለትም፤ ተራ በተራ እየጮኽን አነበብንለት። ቢሮ ሄጄ፣ በኮምፒውተር የተጻፈ ነገር እኮ ነው፣ ፋይሉን ብቻ ላኩለት አልኳቸው። «እናያለን» አሉ። ኮርሱ እስኪያልቅ እያዩ ነበር።

የምትመዘገቡ ከሆነ አስቀድማችሁ ደውሉና በቀጣዩ ዙር ጋሼ ያስተምሩ እንደሆነ ጠይቁ። ከሌሉ ብራችሁን ያዙ።