ለጠበቃዋ እኅታችን ምስጋና፣ የኦሻ ቅጣት ለደረሳችሁ ወገኖችም ጥቆማ

በኮሎራዶ፣ አውሮራ ከተማ አነስተኛ የቀለም ቅብ ድርጅት የማስተዳድር ሰው ነኝ። ባለፈው ዓመት ከኦሻ፣ ማለትም ከፌዴራሉ የሥራ ደኅንነት መሥሪያ ቤት፣ ሁለት ጥፋቶች የተዘረዘሩበት የቅጣት ወረቀት በደረሰኝ ጊዜ ከጭንቀት ያወጣችኝን ጠበቃ እኅታችንን በአደባባይ ማመስገን እወዳለሁ።

ወደ እርሷ ከመድረሴ በፊት ገንዘቤንም ቀኔንም የበሉ ሁለት ሰዎች ነበሩ። አንደኛው ቅድሚያ ክፍያ ከተቀበለ በኋላ ስልኬን ማንሳት አቆመ፤ ሁለተኛው ደግሞ «ይግባኙን የሚያየው ያው የቀጣህ መሥሪያ ቤት ነው፤ ከፍለህ ተገላገል» ብሎ አሰናበተኝ። ይህ ፍጹም ስሕተት መሆኑን ስረዳ ያዘንኩት ለራሴ ብቻ ሳይሆን፣ ይህንኑ ምክር አምነው ለከፈሉ ሁሉ ነው።

እኅታችን ገና ወረቀቱን ሳታነብ «ጋሼ፣ ፖስታው እጅዎ የገባው በየትኛው ቀን ነው?» ስትል ጠየቀችኝ። ቅዳሜና እሑድን፣ የፌዴራል በዓሉንም እየዘለለች በቀን መቁጠሪያ ላይ ስትቆጥር፣ ለመቃወም ከተፈቀዱት 15 የሥራ ቀናት የቀሩኝ ሁለት ብቻ ነበሩ። የመቃወሚያ ደብዳቤውን በዚያው ዕለት ጽፋ ለኦሻ የአካባቢ ጽሕፈት ቤት ላከችልኝ። ክርክሩን የሚወስነው ኦሻም፣ ኦሻ የሚገኝበት የሠራተኛ ሚኒስቴርም ሳይሆን፣ እ.ኤ.አ. በ1970 በወጣው ሕግ የተቋቋመ ራሱን የቻለ ኮሚሽን መሆኑን፣ ዳኞቹም ዴንቨር ውስጥ ጽሕፈት ቤት እንዳላቸው ያስረዳችኝ እርሷ ናት። ጥፋቱን የማስረዳት ሸክምም የከሳሹ እንጂ የእኔ አልነበረም።

በመጀመሪያው ጥፋት ላይ እውነቱን አልደበቅኋትም፤ ሠራተኞቼ የሆኑት ልጆች ከመውደቅ የሚያድን መታጠቂያ ሳያስሩ ጣሪያ ላይ ሠርተዋል። የተቃወምነው ጉዳይ እስኪወሰን ድረስ የማስተካከያው ቀነ ገደብ እንደማይቆጠር ከነገረችኝ በኋላ፣ «ቢሆንም ልጆቹ ነገ ጠዋት ጣሪያ ላይ ይወጣሉ፤ መታጠቂያውን ዛሬውኑ ይግዙ» አለችኝ፤ ለዚያም ሰዓት ምንም ሳታስከፍለኝ አብራኝ መደብር ድረስ ሄደች። ይህን ውለታዋን እስከ ዕድሜዬ ፍጻሜ አልረሳውም።

በችሎቱ የተጠቀሰውን ሕግ ሁሉ ተረድቻለሁ አልልም። ዳኛው ግን ሁለቱንም ወገን በእኩል ትዕግሥት ሰምተው፣ ሠራተኞቼ ያልወጡበትን የሌላ ተቋራጭ መወጣጫ የሚመለከተውን ክስ ሰረዙት፤ የጣሪያውን ጥፋት ግን አጽንተው ቅጣቱን ቀነሱልኝ። እርሱን ከፍያለሁ፤ መክፈልም ይገባኝ ነበር።

እንዲህ ያለ ወረቀት የደረሳችሁ ወገኖች፣ እባካችሁ ቀኑ ሳያልፍባችሁ ይህችን እኅት አማክሩ። በውስጥ መስመር ለሚጠይቀኝ ሁሉ ስሟንና ስልኳን እሰጣለሁ። ወረቀቱ የመጣበትን ፖስታ ግን አትጣሉ፤ አስቀድማ የምትጠይቃችሁ እርሱን ነው።